ከጆሃንስበርግ አምስት ሰዓት ተኩል

የጋሽ ማዴቦን ሞት የሰማሁት በስልክ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዓለም ገና ላይ ታክሲ ለመያዝ ስጋፋ ነው። የደወለልኝ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ነው። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ «ማዴቦ አረፈ እኮ፣ አልሰማሽም እንዴ?» አለኝ። «መቼ?» ስል ወያላው «ትገቢያለሽ አትገቢም?» ይለኛል፣ ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ በክርኗ ትገፋኛለች። ገብቼ ተቀመጥኩ። እንባዬ የመጣው ታክሲው ሰበታ ሊገባ ሲል ነው፤ ያን ጊዜም አጠገቤ ያለው ሰውዬ «አይዞሽ፣ ስልክሽን ሰረቁሽ?» አለኝ።

ጋሽ ማዴቦ ይህን ቢሰማ ኖሮ በጣም ይቆጣ ነበር። በዓለም ላይ የሚጠላው አንድ ነገር ቢኖር እንዲህ ያለ መርዶ ነው። «የቆመ ሰው ላይ መርዶ አይጣልም» ይል ነበር። ሥራው ስለነበረ ነው። እንጀራውን የሚበላው ከፋብሪካ ቦይለር ላይ ቢሆንም፣ በሰበታ ዙሪያ ለሚኖሩት የሆሳዕና ሰዎች ሁሉ መርዶ የሚነግረው እሱ ነበር። ማንም አልሾመውም። አንዴ ነገረና ስላወቀበት፣ ሁለተኛም ሦስተኛም መጥተው ለመኑት፤ እምቢ ማለት ደግሞ አልፈጠረበትም።

የሚኖረው እኛ ግቢ ነው። አባቴ ኦቦ ቶሎሳ፣ መሬቱን ለፋብሪካ ከሰጠ በኋላ (ሰጠ ይበሉት እንጂ ወሰዱት ነው የሚባለው) በተረፈችው ላይ ክፍል ቤቶች ደርድሮ ያከራይ ነበር። ተከራዮቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ከደቡብ መጥተው በፋብሪካና በግንባታ የሚሠሩ ጴንጤዎች ናቸው። እኔም እዚያው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ክፍል ነበርኩ። ጋሽ ማዴቦና ባለቤቱ እትዬ ኤርጎጌ ለውጭ በር ቅርብ የሆነችውን ክፍል ይዘው ረጅም ዓመት ኖሩ። አጭር፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነበር፤ ግራ ቅንድቡን እንፋሎት በልቶታል። ድምፁ ግን ከዚያ ደረት የወጣ አይመስልም፣ ቀጭንና ለስላሳ ነው። ጠዋት ከአባቴ ጋር ሲገናኙ በተሰባበረ ኦሮምኛ «ኦቦ ቶሎሳ፣ አካም ቡልታኒ?» ይለዋል፤ አባቴ ደግሞ ከእሱ በተማራት አንዲት የሃዲይኛ ቃል ይመልስለታል፤ ከዚያ ሁለቱም ተሳስቀው በአማርኛ ይቀጥላሉ።

መርዶው ከየት ይመጣል ብትሉ፣ ከደቡብ አፍሪካ ነው። የሆሳዕና ልጅ «ሳውዝ» ሲል ጎረቤት ወረዳ ይመስላል። ያልሄደ ወንድም፣ ያልሄደ የአጎት ልጅ ያለው ቤት የለም። ሱቅ ይከፍታሉ፣ ቤት ሠርተው ፎቶ ይልካሉ፤ አንዳንዱ ደግሞ በዚያው በሱቁ መስኮት በኩል ጥይት ይገባበታል። ከዚያ በሳጥን ይመጣል።

መርዶ ማለዳ እንደሚነገር ሁላችንም እናውቃለን። የጋሽ ማዴቦ ልዩነት ማለዳዋን የሚመርጠው በአውሮፕላኑ መሆኑ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አልመጣም። ከዓመታት በፊት ወንድሟ እዚያ ለሞተባት አንዲት ሴት ቸኩለው ነገሯት። አስከሬኑ ግን በወረቀት ጣጣ እዚያው ከረመ። ሴትየዋ የምትቀብረው ነገር ሳይኖራት ቀን ከሌት ስታለቅስ ከርማ፣ ሳጥኑ የመጣ ዕለት የምትጮህበት ድምፅ አልቀረላትም፤ ዝም ብላ አፏን ብቻ ትከፍት ነበር። ጋሽ ማዴቦ ያን አይቶ ማለ። «ለቅሶ ሬሳ ይፈልጋል። ባዶ ለቅሶ ሰው ይገድላል» አለ።

ከዚያ ወዲህ አስከሬን ቦሌ ሳያርፍ ለማንም አይነግርም። ደቡብ አፍሪካ ያሉት ዘመዶች ደውለው «ተነሳ» ይሉታል። ከጆሃንስበርግ አዲስ አበባ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአውሮፕላን አምስት ሰዓት ተኩል። ምሽት ላይ ያርፋል፤ ሌሊቱን ወረቀቱ ያልቃል፤ ጎህ ሲቀድ መኪናው ሰበታ ለመድረስ መንገድ ሲጀምር፣ ጋሽ ማዴቦ ሽማግሎቹን አስከትሎ በር ያንኳኳል። ነግሮ፣ የመጀመሪያው ጩኸት ሳይበርድ መኪናው ደጅ ላይ ይቆማል። ሐዘንተኞቹን አሳፍሮ ወደ ሆሳዕና፣ ከሰዓት በኋላ ቀብር። «በአንድ ፀሐይ» ይለዋል። መስማትም ማየትም መቅበርም በአንድ ፀሐይ።

እስከዚያ ድረስ ግን መደበቅ አለ፤ እሱ ነው ጥበቡ። ፎርማኑን አስጠንቅቆ፣ የሰፈሩን አፍ ዘግቶ፣ «ስልኬ ተበላሽቶብኝ ነው፣ እስቲ ለሁለት ቀን አውሺኝ» ብሎ መርዶ የሚነገራትን ሴት ስልክ ይወስዳል። ፌስቡክን እንደ ሰው ነበር የሚጠላው። «ያ ሰውዬ ሥርዓት የለውም፣ እኩለ ቀን ላይ መንገድ ዳር ይናገራል» ይላል። እኔ ይህ ሁሉ መደባበቅ ደስ አይለኝም ነበር። አንድ ቀን «ጋሽ ማዴቦ፣ እኔ ብሆን ወዲያው ነው መስማት የምፈልገው» አልኩት።

«አንቺ ገና አልወለድሽም» አለኝ።

«እሺ ብወልድስ?»

«ለእናትየው እኮ ገና አልሞተም። በሕይወት ያለ ልጇን ከእጇ ላይ ለምን እቀማታለሁ? ነገም ይደርሳል።»

እንዲህ እያለ ይዘጋኛል። ክርክሩ ውስጥ የሚያናድደኝ፣ ልክ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አለማወቄ ነው።

መርዶ አነጋገሩንም ስላየሁት አውቀዋለሁ፤ ጠንካራ ሴት ናት ብሎ ብዙ ጊዜ ለመደገፍ ይወስደኝ ነበር። መጀመሪያ ምድጃ ይጠፋል። ቢላዋና መጥረቢያ ይነሳል። የሚነገራት ሴት ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ትቀመጣለች፣ «ከወደቀችም ከቅርብ ትውደቅ» ነው ነገሩ። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይቆማሉ፣ ውኃ ይቀርባል። እሱ ከፊቷ ቁጢጥ ብሎ ሁለት እጇን ይይዝና ከሁሉ አስቀድሞ የሟቹን ስም ይጠራል። «እግዚአብሔር ሰጠ» የለ፣ «ሁላችንም ሟች ነን» የለ። ስሙን ብቻ። ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም።

እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት መሆን ግን ቀላል አይደለም። ማለዳ ላይ ማንም ሊያየው አይፈልግም። አንድ ጊዜ ከጎረቤት የተዋሰውን አካፋ ለሥራ ሳይረፍድበት ሊመልስ በማለዳ ይወጣል። ከፊት ለፊት ግቢ ያለችው ሴትዮ በር ስትከፍት ከእሱ ጋር ተፋጠጠች። ምን ትጠብቃለች? «ወየው ወንድሜን!» ብላ መሬት ላይ ወደቀች። ጋሽ ማዴቦ ደነገጠና «ኧረ አካፋ ነው! አካፋ ልመልስ ነው!» እያለ አካፋውን ከፍ አድርጎ አሳያት። አካፋውን ስታይማ ባሰባት፤ መቃብር ሊቆፍር የመጣ መሰላት። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፣ ድንኳን ሊተከል ምንም አልቀረውም። ወንድሟ ራሱ ከመኝታው ተነስቶ፣ ዓይኑን እያሸ «ማነው የሞተው?» እያለ መጣ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ማዴቦ መላ ዘየደ። መንገድ ላይ ሲሄድ መዝሙር ይዘምራል። የሰው በር ሲቃረብ ጎላ ያደርገዋል። ዘምሮ ከመጣ ሰላም ነው፣ ጨው ሊበደር ነው ማለት ነው። ዝም ብሎ ከመጣ እግዜር ይሁንህ። ድምፁ እንደነገርኳችሁ ቀጭን ስለሆነ የሰፈሩ ልጆች ይስቁበት ነበር፤ እናቶቻቸው ግን ያን ድምፅ ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። እቤቱ ሲገባ ያቆማል። ለእትዬ ኤርጎጌ ምን ያስፈልጋታል?

መንገዱን ደግሞ እሱ ራሱ ሄዶበታል። ወጣት ሳለ፣ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ሳለች፣ በሞያሌ ወጥቶ፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን አቋርጦ፣ ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በጭነት መኪና ጆንያ ሥር ተደብቆ ጆሃንስበርግ ገባ። ብርድ ልብስ እያዞረ ጥቂት እንደሸጠ ፖሊስ ያዘውና በአውሮፕላን መለሰው። ስለዚያ በረራ ሲያወራ የሚስቀው ሳቅ ከሌላው ሳቁ ይለያል።

«ምሳ አቀረቡልኝ» ይላል። «ሩዙን በልቼ ሳልጨርስ፣ ማላዊ አለቀች! ማላዊ እኮ ይህችን ጥርሴን ያወለቁባት አገር ናት።» ከንፈሩን ገልጦ ክፍተቷን ያሳየናል። «አንድ ክረምትና አንድ በጋ የሄድኩበትን በአምስት ሰዓት ተኩል አመጡኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።»

ቤቱ ሲደርስ ልጁ ታምራት ተወልዶ ጠበቀው። ያን ልጅ አቅፎ «ይህ ልጅ በእግሩ አይሄድም» አለ። ቃሉን ጠበቀ። ታምራት አድጎ እንደ እኩዮቹ ልቡ ሲሸፍት፣ ጋሽ ማዴቦ አልከለከለውም፣ ግን ቪዛው እስኪገኝ ድረስ ከግቢ አላስወጣው አለ። በመጨረሻ ልጁ በወግ በቦሌ ወጣ። በማግስቱ ጋሽ ማዴቦ ፋብሪካው በር ላይ ያገኘውን ሁሉ «አምስት ሰዓት ተኩል! ማታ እዚያ እራቱን በልቷል!» ሲል ዋለ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አላየሁትም።

ያ መስከረም መጣ። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው ማሳ የሚያሰፋው የማስተር ፕላን ነገር ከተነሳ ጀምሮ የእኛ ከተማ ረግታ አታውቅም። ዕቅዱ ቀርቷል ቢባልም ቁጣው አልቀረም፤ የአጎቶቼ ልጆች ከቤት ወጥተው የሚመለሱበት ሰዓት አይታወቅም፣ እናቶች በር ላይ ነው የሚያመሹት። አባቴ አንድ ቀን ይቆጣቸዋል፣ አንድ ቀን ደግሞ ፋብሪካው የቆመበትን ማሳ እያየ ይተዋቸዋል።

ያን ሰሞን ጋሽ ማዴቦ ወደ ቦይለሩ ክፍል አስጠራኝ። «ጫልቱ፣ ሰሞኑን ለአንድ ማለዳ ትፈለጊያለሽ» አለኝ።

«የማን ነው?»

የእንፋሎቱን መለኪያ ጌጅ ነበር የሚያየው። ዓይኑን ከእሱ ላይ ሳያነሳ «የእኛ» አለ።

አልገባኝም ነበር። «ታምራት» አለ። ስሙን ብቻ። ከዚያ ዞር ብሎ የእንፋሎቱን መውጫ ከፈተው። ክፍሉ በፉጨት ተሞላ፣ ጆሮዬን ያዝኩ። እሱ ጎኑን ሰጥቶኝ ቆሞ አፉ ይከፈታል፤ ምንም አይሰማም። ሲበቃው ዘጋውና ፊቱን በጓንቱ ጠርጎ «ለኤርጎጌ እንዳታሳዪ» አለኝ።

ሱቁ ውስጥ ነው የመቱት። አስከሬኑን ለመላክ ወረቀት እየተጨረሰ ነበር። እስከዚያ ጋሽ ማዴቦ ለሰው ሁሉ የሚያደርገውን ለሚስቱ አደረገ። ሥራ ገባ፣ ወጣ፣ እራት በላ። «ታምራት ለምን አልደወለም?» ስትለው «እዚያ ኔትወርክ አስቸግሯል አሉ» ይላታል። የሷን ስልክ ለማሠራት ብሎ ወሰደ። ግድግዳችን ስስ ነው፣ እሰማለሁ፤ ማታ ማታ ይዘምርላት ነበር። እናቴ ከእትዬ ኤርጎጌ ጋር እንዳትገናኝ ጓሮ ለጓሮ መሄድ ጀመረች። ዳታ የተዘጋ ዕለት ጋሽ ማዴቦ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ መንግሥትን አመሰገነ።

ከዚያ በቢሾፍቱ በኢሬቻ ላይ ያ ሁሉ ሰው አለቀ። ሐዘኑ በየቤቱ ገባ፣ ሰበታም ነደደች። ፋብሪካው ቆመ። ሁላችንም እቤት ነን። አስከሬኑ «ተነሳ» የተባለው ፋብሪካው በቆመበት ዕለት ነው።

ወደ ቦሌ የሚወርዱ አውሮፕላኖች አንዳንዴ በእኛ በኩል ያልፋሉ። ፀሐይ ከገባች በኋላ ጋሽ ማዴቦ ግቢው መሃል ወጥቶ ቆመ። እኔ ልብስ ከገመድ ላይ እያነሳሁ ነበር። ከደቡብ በኩል መብራቱን እያብለጨለጨ አንድ አውሮፕላን ዝቅ እያለ መጣ። እሱ ይሁን ሌላ ማን ያውቃል፣ ጋሽ ማዴቦ ግን አወቀው። ከቤታቸው ጣሪያ በላይ አልፎ፣ ከባህር ዛፎቹ ጀርባ ጠለቀ። እትዬ ኤርጎጌ ወጥታ አጠገቡ ቆማ ነበር።

«ምን ታያለህ?» አለችው።

«ምንም። አውሮፕላን ነው።»

እሷም ወደ ሰማይ ቀና ብላ ቆየች። ከዚያ ጋቢዋን ከራሷ ላይ አንስታ እሱ ትከሻ ላይ ጣለችና «በርዶሃል፣ ግባ» አለችው።

በማግስቱ ማለዳ ሽማግሎቹ መጡ። እኔና እናቴ ተዘጋጅተናል። ጋሽ ማዴቦ ግን ከውጭ በር ላይ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆሟል። ሾፌሩ ነው። አስከሬኑን ጭኖ ከአዲስ አበባ መውጫ ላይ ቆሟል፤ ወደፊት መንገድ የለም። ዓለም ገና ላይ ጎማ ይነዳል፣ ድንጋይ ተደርድሯል። «ወንድሜ፣ መኪናዬ ብትቃጠል ማን ይተካልኛል? አልመጣም» ይላል። ጋሽ ማዴቦ ስልኩን ዘግቶ ሽማግሎቹን አየ። መኪናው ካልመጣ አይነግርም፣ ምሏል። «ለማለዳ ጸሎት ነው የመጣችሁት» አላቸው። ጸለዩ። እትዬ ኤርጎጌ ሻይ አፍልታ አጠጣቻቸው፣ «ምነው ዛሬ በማለዳ ተጋችሁ?» አለቻቸው። ከሽማግሎቹ አንዱም ዓይኗን አላየ። በሚቀጥለውም ማለዳ እንደዚሁ ሆነ።

አባቴ ይህን ሲያይ አላስቻለውም። ከጓሮ እርጥብ ሳር ነጨ፤ እኛ ዘንድ ሳር ይዞ የለመነ ሽማግሌ አይገፋም። ሳሩን ይዞ በእግሩ ወደ ዓለም ገና ወረደ፣ እኔም ተከተልኩት። መንገዱን የዘጉት ልጆች መሃል የአጎቴ ልጆች አሉ። አባቴ ሳሩን ዘርግቶ «ማሎ፣ እባካችሁ ልጆቼ፣ ሬሳ ነው። የተከራዬ ልጅ ነው» አላቸው።

አንዱ፣ ድምፁ በጩኸት የተዘጋ ልጅ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሳሩን ነካ። «አባኮ፣ እኛ ሬሳ አንከለክልም። እኛም ሬሳ አለን። እነዚያን ጠይቅ» ብሎ ወደ ማዶ አሳየው።

ማዶ ያሉት ወታደሮች ናቸው። አባቴ እዚያም ሄደ። አዛዡ ቁጡ ሰው አልነበረም፣ «አባባ፣ እኔ ምን ከፋኝ። ግን ከላይ ሳይታዘዝ አንድም መኪና አላሳልፍም» አለው። ለሾፌሩ ደወልንለት፤ ሾፌሩ «ሁለቱም ይሁን ካሉ እመጣለሁ» አለ። እንግዲህ ማንን እንጣላ? ልጆቹ እሺ፣ ወታደሩ ምን ከፋኝ፣ ሾፌሩ እመጣለሁ። ሬሳው ግን እዚያው ነው። አራት ሺህ ኪሎ ሜትር በግማሽ ቀን የመጣ ልጅ፣ ለሥራ በታክሲ የሚኬድባት መንገድ ላይ ቀረ። አባቴ ሳሩን መንገዱ ዳር አስቀምጦ ተመለሰ።

በማግስቱም ሽማግሎቹ መጡ። ጋሽ ማዴቦ «ዛሬም ጸልያችሁ ሂዱ» ሊላቸው አፉን ሲከፍት፣ የቤቱ በር ተከፈተ። እትዬ ኤርጎጌ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። ደጅ የሚውለው የላምባ ምድጃ ጠፍቶ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ቢላዋውን በጨርቅ ጠቅልላ ለእናቴ ሰጠቻት። አንድ ጆግ ውኃ በአንድ እጇ፣ ዱካ በሌላው ይዛ መጥታ፣ ዱካውን መሃል ላይ አደረገችና ተቀመጠች።

«ጫልቱ፣ ነይ በዚህ በኩል» አለችኝ። እናቴን ደግሞ በሌላው በኩል አቆመቻት። ከዚያ ሁለት እጇን ዘረጋች። «በል ማዴቦ።»

«ምኑን?» አለ፤ ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«እቤት ውስጥ ዘምረህልኝ አታውቅም። ሰሞኑን ሁሉ ማታ ማታ ዘመርክልኝ።»

«አውቀሽ ነው እንዴ? ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«መኪናው ይምጣለት ብዬ ነዋ። ሥራህን እንዳላበላሽብህ ብዬ። አሁን ግን ደከመኝ፣ አልቻልኩም። ለሰው ሁሉ ነግረሃል፣ ለእኔም በሥርዓቱ ንገረኝ።»

ጋሽ ማዴቦ መጥቶ ፊቷ ቁጢጥ አለ። እጆቿን ያዘ። ስሙን ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ አልወጣም። ደግሞ ሞከረ። ያን ሁሉ ስም የጠራ ሰው የገዛ ልጁን ስም መጥራት አቃተውና በግንባሩ ጉልበቷ ላይ ተደፋ። እኔና እናቴ እሷን ልንይዝ ቆመን እሱን ያዝነው። «ታምራት!» ብላ የጠራችው እሷ ናት። ያን ጩኸት ሰበታ ሰማው ብል አልዋሸሁም።

ሲበርድላት የእሱን ራስ እያሻሸች «ብቻህን ከረምክ» አለችው።

«አንቺስ?» አላት።

አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ፣ ሁለቱ ለየብቻቸው ልጃቸውን ይዘው እነዚያን ሌሊቶች አድረዋል። ይህን ስል ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ጋሽ ማዴቦ ግን ከዚያ ወዲያ ለማንም መርዶ አልነገረም፤ ሰው መጥቶ ሲለምነው «እኔ አላውቅበትም» ይላል። ከርሞ ሁለቱም ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሆሳዕና ገቡ፣ እዚያው ነው ያረፈው።

ወደዚያ ሰሞን ልመለስና፣ መንገዱ በስንት ልመና የተከፈተው ወታደር ለሚያጅበው መኪና ብቻ ነበር። ሾፌሩ ደወለ። ሳጥኑን ጭኖ ከአጀቡ ጋር በወሊሶ በኩል ሊያልፍ ነው፤ ዛሬ ካላለፈ መቼ እንደሚያልፍ አይታወቅም። ግን በመንገድ ላይ መቆም ተከልክሏል። ጋሽ ማዴቦ «ለእናት እንኳ ይቆማሉ» አለ። ጓዛቸውን በፌስታል ይዘው አስፋልቱ ዳር ወጡ፣ እኛም ሽማግሎቹም አብረናቸው ወጣን። ማዶ ለማዶ የሰፈሩ ሰው ቆሟል። ከተቃጠሉት ጎማዎች ገና ጭስ ይወጣል።

መጡ። ፊት ፊት የወታደር መኪና፣ ቀጥሎ የጭነት መኪኖች፣ ከመሃል አንድ ነጭ ሚኒባስ፣ ሳጥኑ በላዩ ላይ በሸራ ተሸፍኖ ታስሯል። ጋሽ ማዴቦ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ወጥቶ፣ ታክሲ እንደሚያስቆም ሰው እጁን አነሳ። ሾፌሩ አየው። እጁን በመስኮት አውጥቶ መዳፉን ዘረጋ፣ ምን ላድርግ እንደማለት። ፍጥነቱን አልቀነሰም፤ ከኋላው ያለው ወታደራዊ መኪና ጥሩምባውን ይነፋል። ሸራው እየተርገበገበ ከፊታችን አለፈ። ሁሉም ቁልቁል ወደ ተፍኪ አቅጣጫ ወርደው፣ ጥሩምባው ብቻ ሲሰማ ቆየ።

ለጋሽ ማዴቦና ለእትዬ ኤርጎጌ መኪና የተገኘው ልጁ ከተቀበረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን ማናችንም አላወቅንም፤ እዚያው ቆመን ነበር።

«ሆሳዕና እስኪደርስ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?» አለችው እትዬ ኤርጎጌ።

ጋሽ ማዴቦ መንገዱን እያየ፣ «አላውቅም» አላት። እጁን ገና አላወረደም ነበር።